ድርሻሽ

ጦይባ፣ ይሄን ስታነቢ እንዳትደነግጪ፣
መጀመሪያ ቁጭ በይ፣ ውኃም ተጎንጪ።
ሙሐረቅ ነው ያለሁ፣ ሆስፒታል ተኝቼ፣
ሆዴን አራት ቦታ በቀጭን ተበስቼ።

ሐኪሟ ጠጠሩን በብልቃጥ ሰጠችኝ፣
አሥራ ሰባት ፍሬ፣ «የአንቺ ነው» አለችኝ።
ቢጫ እንደ ሽንብራ፣ ጥርብ እንደ ዶቃ፣
ወርቅ ፍለጋ መጥቼ ያገኘሁት ዕቃ።

«እናትሽስ?» አለች፣ «እዚህ ጋ፣ በስተቀኝ፣
ከጎድን በታች?» ብላ በጣቷ ነካችኝ።
ያኔ እማዬ መጣች፣ ሌሊት ጎኗን ይዛ፣
ዓይኖቿ ቢጫ ሆነው፣ እሷም ነጥታ ፈዛ፤
«ምች ነው» ብለን ዳማከሴ ያሸንላት፣
«ጨጓራ ነው» ብለን ተልባ የመታንላት።
አክስቴ ዘቢባም በዚያው ጎን አለቀች፣
አራተኛ ልጇን ገና እንዳስታቀፈች።

መሬቱን ወንድሞቻችን አረሱት፣
ሽማግሌ ቆጥሮ ከብቱንም ወሰዱት።
ይቺን ግን አንድ ሰው ሳይከራከረን
ያለ ምስክር፣ በደም ተካፈልን።

ስመጣ ሳንባዬን በራጅ አገላብጠው፣
አለማርገዜንም ሁለቴ አረጋግጠው፣
«ጤነኛ» የሚል ማኅተም መቱልኝ፤
ሐሞቴን ግን ማንም አልጠየቀኝ።

«ዘር ብቻ አይበቃውም» አለች፣ «ጠጠር ሲያድር።
መቼ ነው የምትበይው?» ምን ብዬ ልናገር?
ቀን ሙሉ ጦሜን ነኝ የጦም ወር ሳይሆን፣
ሌሊት እጎርሳለሁ ከትሪ የቀረ ጮማውን።
በሦስት ወር ሥጋዬ ረግፎ ቀሚሴ ሲሰፋኝ
«ቀጠንሽ፣ አማረብሽ» ብለሽ ጽፈሽልኝ!
ሐሞት ለካ ሥራ ሲያጣ ይተኛል፣
የቆመ ውኃ ነው፣ ደለል ያበጃል።

ማዳም ሙኒራንም እዚሁ ቀደዋት አምና፣
ስኳር አለባትና፣ ስብ አለባትና።
ትናንት ልትጠይቀኝ መጥታ ብልቃጡን አየችው፣
ወደ መስኮት ይዛ ዝም ብላ ነቀነቀችው።
ከዚያ የራሷን ጎን፣ ጠባሳውን ነካች፤
«እናቴም» አለችኝ። ሌላ አልጨመረች።
(የመኝታውን ሒሳብ ግን ከደሞዜ ቆረጠች።)

«ሐሞቷ ፈሰሰ» ካለሽ ጎረቤት፣
ከረጢት ነው በይው፣ ወኔ አልነበረበት።

ብሩን ልኬዋለሁ፣ ለቀሚስ አይደለም፤
ደሴ ሂጂና ታዪ፣ ጎንሽን ባያምሽም።
ምናልባት ያንቺንም ድርሻ እኔ ወስጄው ይሆናል፤
አውሮፕላን በጣሪያው ባለፈ ቁጥር
ብልቃጡ ይንጫጫል።