ጥርኝ፣ በሦስተኛው ፈረቃ

ሦስተኛው ፈረቃ ገብቶ መዘውሩ ሲያጉረመርም፣
የጥጥ ብናኝ እንደ ጉም ከመብራቱ ሲጠመጠም፣
እኔ ዘበኛው አሊጋዝ፣ በቆርቆሮው ማማ ሥር፣
ዱላዬን ጭኔ ላይ ጥዬ፣ ፊቴን ወደ ቦርከና ዳር፣
ሌባ ነበር የምጠብቀው።
                    የመጣው ግን ባለ ጭምብል፣
ኩሉ ከዓይኑ ሥር ቀልጦ ለቅሶ ደራሽ የሚመስል፣
አጭር እግር፣ ረጅም ወገብ፣ አመድ ላይ የተንከባለለ፣
ከማጅራቱ እስከ ጭራው በጥቁር ጋማ የተከለለ።
ቆመ። ቆምኩ። ጋማው ተነሣ፤ በአንድ አፍታ እጥፍ አከለ።
«እለፍ» አልኩት፣ «ካርድ አልጠይቅም፤ ያንተ ፈረቃ ነው መቼም።»
አፍንጫውን መሬት አስነክቶ አለፈ። አልቸኮለም።

ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ክረምት። ልማዱን ልማዴ አረግሁ።
ከስድስት ሰዓት አስቀድሞ እንደማይመጣ አወቅሁ።
ብቻውን ነው። ሁልጊዜ ብቻውን። ጓደኛ አይጠራም፤
የሚሄድባት መንገድ ከአንድ ጫማ አትሰፋም።
በሐምሌ፣ ጭቃ ፈልፍሎ ባለ ብዙ እግሩን ትል፣
ዶሮ እንኳ የሚጸየፈውን፣ መራራ ነው ሳይል፣
ቀርጨም፣ ቀርጨም።
በመስከረም አንበጣ፣ በኅዳር የማሽላ አይጥ፣
በጥር ከሾላው ግርጌ የወደቀውን ሊመርጥ
ይንበረከካል ልበል፣ አፍንጫው እስኪቀበር ድረስ፣
ጦጣው ከላይ የጣለውን ከታች ሆኖ ሲያፍስ።
አንዴ ከእባብ ሲገጥም አየሁት፦ ነክሶ ይወረውራል፣ ይሸሻል፤
ደግሞ ነክሶ ይወረውራል፤ እባቡ ይዝላል፣ ይረሳል
እባብ መሆኑን።

የአጥሩን አራተኛ እንጨት በጭራው ሥር ይታከከዋል።
ሽታው እስከ ማለዳ፣ እስከ ሌላ ቀን፣ እዚያው ይውላል።
ነጋዴ በቀንድ አሽጎ በበቅሎ የጫነው ዝባድ
ለእርሱ ግን ደብዳቤ ነው፦ «ነበርኩ፤ አለሁ፤ ይኼ መንገድ
የኔ ነው» የሚል፣ ማኅተሙ በአፍንጫ የሚነበብ።
እኔም በየሰዓቱ እፈርማለሁ፤ የኔን ግን ማን ያነብ?

አንድ ክረምት ጠፋ። ጠፋች ልበል፤ ለካ ሴት ኖራለች።
በአሮጌው የሲሚንቶ ቱቦ ሁለት ግልገል ጥላለች።
ፀጉራቸው እንደ ጥላሸት፤ ጭምብሉ ግን ተስሎ ያለቀ፣
ዓይናቸው ሳይገለጥ ገና ፊታቸው ሌሊት ያወቀ።
ጥሪዋ ደረቅ ሳል ነው፣ ጥጥ የዋጠ ፈታይ ሳል፤
አንዴ ስትስል፣ ቱቦው ውስጥ እንኳን ድምፅ፣ ትንፋሽ ይጠፋል።
ካደጉ ወዲያ ተለያዩ፤ አንድ አጥር ሁለት አያሳድርም።
ስንብት አላየሁባቸው። አንድ ሌሊት፣ በቃ፣ አልነበሩም።

ከሁሉ የገረመኝ ግን መጸዳጃዋ ነው።
ዘወትር አንድ ቦታ፤ ከአጥሩ ማዕዘን አትርቅ፤
ስንቱ ባለ ክራቫት አለ ይህን ሕግ የማይጠብቅ!
ባትሪዬን አበራሁበት፦ የሾላ ዘር፣ የወይራ፣
የሣር ድቡልቡል፣ የጥንዚዛ ክንፍ፣ ገና የሚያበራ፣
ደግሞ አንድ ሰማያዊ ክር፣ ከእኛው ፋብሪካ የወጣ።
ሰኔ ሲገባ፣ ከዚያ ክምር፣ አንድ ቅጠል ብቅ አለ፤ መጣ።

ዛሬ ቁመቱ ከኔ ይበልጣል። ሾላ ነው።
ባለፈው ሰሞን ከደሴ፣ ሐረጎን ወርዶ ኢንጂነሩ፣
ሜትሩን ዘርግቶ ሲለካ፣ ሊሰፋ ስለሆነ አጥሩ፣
«ይህን ዛፍ ማን ተከለው?» አለኝ።
«ጥርኝ» አልኩት።
«የምን ጥርኝ? የስንዴ? የአፈር?»
ምን ይደረግ፣ በኛ ቋንቋ አውሬውም እፍኙም አንድ ስም።
ገባው መስሎት ራሱን ነቀነቀ፤ እኔም አላረምኩም።
«ጥርኝ አፈር» ብሎ ጻፈ፤
ቀይ ችካሉን ቸነከረና አለፈ።

ማታ መጣች።
ችካሉን አሸተተች። ዞረችው። ቀለሙ አስነጠሳት።
ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ጭራዋን ቀና አድርጋ፣
እንደ ደንቡ፣
ፈረመችበት።

እኔም መዝገቤ ላይ፦ «ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት።
ሰላም ነው። የጎደለ የለም።»