ከኬሻ የቀለለ

ፈረንጅ አራዳ ላይ፣ ውርርድ ቤቱ ውስጥ፣
ዝናብ ያባረረን ተጣብቀን ስንቀመጥ፣
ስምንት የፈረንጅ ፈረስ ከግድግዳው ላይ ታየ፣
ከብረት በር ኋላ መሬት እየጫረ የቆየ።
በሩ ተበረገደ።
አንድ ሺህ ሜትር ነው፤ ኩርባ የለው፣ ዳገት የለው፤
የሻዬን ስኳር ሳላማስል ያለቀ ነገር ነው።

የፈረሱ ስም በትልቁ ተጻፈ፣
የጋላቢው ከሥሩ በደቃቅ ፊደል አለፈ።
አልገረመኝም። በእኛም አገር እንዲሁ ነው፤
ጌታ በፈረሱ ስም ነበር የሚጠራው።
እኔን የገረመኝ ኋላ ነው፤ ጋላቢው ወርዶ
ኮርቻውን እንደ ሕፃን ታቅፎ፣ ለሚዛን ተሰልፎ፣
አምሳ ሁለት ኪሎ!
ማንም አልሳቀበት።

እኔም አምሳ ሁለት ነኝ።
ሂርማታ፣ ቡና መጋዘን፣ ተሸካሚዎቹ አንስተው
ከሚዛኑ ላይ ጣሉኝ፣ ቁጥሩን አይተው
«ከኬሻ በስምንት ኪሎ ጎደለ፣
ይመለስ ለገበሬው!» ተባለ።
ከዚያ ወዲህ ስሜ ጎዶሎ ነው፤
ምፍታን እናቴ ብቻ ናት የምታስታውሰው።

በግራጫዋ ባዝራ ሃያ ብር አስይዤ
አራተኛ ወጣች። ወረቀቷን ይዤ
ወደ ጋሪዬ ብሄድ፣
ሮባ አሸተታትና በላት።

ሮባ ዳማ ነው፤ ዘሩን የጻፈለት የለ፤
በዝናብ ተወልዶ ስሙ በዚያው ዋለ።
የኋላ ግራ ሰኮናው ምስማር ከወጋው ወዲያ
ጠጠር ሲረግጥ ያነክሳል።

ያን ሌሊት ግን፣ ቆጪ፣ መብራት በጠፋበት፣
ባጃጁ ጭቃ ይዞት እንደተተከለ በቀረበት፣
የአወል ሚስት ምጥ ላይ።
«ጎዶሎ፣ ድረስልኝ!» አለ፣ ድምፁ ተሰብሮ።
ከሳንቃው ላይ ብድግ አልኩ፣ ጉልበቴን አጥፌ፣
አለንጋውን ጥዬ፣ በደረቴ ተደፍቼ፣
እንደዚያ ቀላል ሰው፣
እንደዚያ ሚዛን ላይ እንደወጣው።
ሰዓት ያዥ የለ፣ ሰንደቅ የለ፣
ጭቃው ጥርሴ መሃል ገባ፣
የአወይቱን ድልድይ መቼ እንዳለፍነው እንጃ፤
ሮባ አላነከሰም።

ሆስፒታሉ በር ላይ ጎኑ እንደ ወናፍ ሲነፋ
ከውስጥ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ።
አወል ወጣ። አንገቴን አቀፈና
«አባ ሮባ» አለኝ።
አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለኝ።

በማግስቱ ትራፊኩ ፉጨቱን ነፍቶ አስቆመኝ፣
«ሌሊት በአስፋልት ጋሪ ነድተሃል» ብሎ ቀጣኝ።
ተሸካሚዎቹም «ጎዶሎ!» አሉኝ እንደ ልማዳቸው፤
ምን ብዬ ላስረዳቸው?

ሮባ የበቆሎ አገዳ ያላምጣል፣
የታመመ እግሩን ከመሬት አንሥቶ ይቆማል።
ማሸነፉን አያውቅም፤ ወይም ያውቅ ይሆናል፤
ማታ ዝናብ ሲያካፋ
ጆሮውን ወደ ቆጪ ይቀስራል።