ያደረ ሽቶ

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፤ ዮተቦሪ፤ ወሩ ጥር፤
ሐዲዱ ውርጭ ለብሷል፤ ከተማው ገና አይናገር።
የትራሜን በር ስከፍት ወንበሬ ላይ ቁጭ ብሏል
ማታ የነዳው ሰው ሽቶ፤ ሌናርት ሄዷል፣ ሽቶው አድሯል።
ደህና አደርክ አልለውም። መስኮቱን እከፍታለሁ፤
ከዜሮ በታች ስምንት፤ ጥርሴን ነክሼ እቆማለሁ፤
ከብርድና ከሽቶ አንዱን ቢሉኝ፣ ብርዱን ከመረጥኩ ቆይቻለሁ።

ድሮ እንዲህ አልነበርኩም።
ይህንኑ ወለል በሌሊት ሳጥብ ነው የጀመረኝ፤
ጠርሙሱ ላይ የሎሚ ሥዕል፣ ውስጡ ሎሚ ያላየ ነገር፤
መጀመሪያ ምላሴን ሳንቲም ሳንቲም አለኝ፤
ቀጥሎ ጉሮሮዬ እንደ ከረጢት አፍ ተሸበበ፤
በመጨረሻ ቃል ጠፋኝ፦ «በር»፣ «ሐሙስ»፣ የልጄ ስም።
እናቴ ትርንጎ ብላ ስታወጣልኝ
ይህን አላሰበችም።

ሐኪሟ ደሜን አየች፣ ሳንባዬን አዳመጠች፤
«ምንም የለም» አለች።
ወረቀቱን የዘረጋችልኝ እጅ ላቫንዳ ላቫንዳ ይላል።
አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል፦
ተረት ይመስለኝ ነበር፤
ለካ የምርመራ ውጤት ኖሯል።

ፀዳለ በስልክ፣ «ዓይነ ጥላ ነው፣ ጠበል ግቢ» ትላለች።
ገባሁ። ጠበሉስ ምን አደረገኝ?
ከፊቴ የተሰለፈችው ሴት ፀጉሯን ተቀብታ ነው የመጣች።
ሰርግ ቀረ፤ ክርስትና ቀረ፤ ሰው «ኮራች» አለ፤
ኩራትስ ባየሁት፤
ደጅ ቆሜ በመስታወት
ዘመድ ሲጨፍር አይቼ የተመለስኩ እኔ።

ለሌናርት ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ሦስቴ ቀደድኩት፤
ሰውን እንዴት «ጠረንህን ተውልኝ» ይሉታል?
አራተኛውን ከፍሬኑ ዘንግ ሥር ሸጎጥኩት።

ሳምንት አለፈ። ዛሬ በሩን ስከፍት
ብረት፣ እርጥብ ሱፍ፤ ሌላ ምንም።
ጡረታው የደረሰ ሰው፣ ከሰላምታ ያላለፍን፣
ጤናዬን ሽቶ
ሽቶውን ትቶ።
መስኮቱን ግን ከፈትኩት፤ እጄ ለምዶታል።

ማጆርና ላይ በሮቹ ተከፈቱ፤
አዲስ የታጠበ ፀጉር፣ የልብስ ሳሙና፣ ሲጋራ የጠጣ ኮት፤
ሁሉም ወደ ሥራው፣ ሁሉም ከነሽታው።
ሻርፔን ወደ አፍንጫዬ ሳብኩ፣ ደወሉን ደወልኩ፣ ነዳሁ።
የመስመሩ መጨረሻ ሳልትሆልመን፣ ባሕር ነው።
ሠሌዳው አራት ደቂቃ ይሰጠኛል፤
ወርጄ
አራቱንም እተነፍሳለሁ።