ለማንበብ ብቻ

ሱቄ ፒያሳ ነው፣ ከደረጃ ሥር፤
ሁለት ኮምፒዩተር፣ ጉንፋን የማይለቀው አንድ ፕሪንተር፤
በሩ ላይ በእጄ፦ «ማመልከቻ እንጽፋለን፣
ፍላሽ እናክማለን፣
ዱቤ አንሰጥም።» ደሞ እንሰጣለን።

ሐምሌ ነው፤ መብራት ሄዶ በመጣበት፣
ካፊያው በቆርቆሮው ሽንቁር ደፉን ባራሰበት፣
እትዬ ስንዱ ገቡ፤
የረጠበ ነጠላቸውን ትከሻ ላይ ሰበሰቡ፤
ከመሐረብ ቋጠሮ፣ ብር ከሚኖርበት፣
ፍላሽ አወጡልኝ ቀይ ክር የታሰረበት።

«የጋሽ ልሳነወርቅ ነው፤ አርባቸው ትናንት ወጣ፤
የእድሩ ጽሕፈት፣ በዕጣም አይደል፣ በኔ ላይ መጣ።
ማንበቡን አነበብኩት፤ መጻፉን እንቢ አለኝ፤
አንድ ፊደል በነካሁ ቁጥር ‹አይሆንም› እያለኝ።»

ሰካሁት።
ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ፋይል፣ ለየቤቱ አንድ አንድ፤
ማን ድስት መልሶ ክዳኑን እንዳስቀረ፣
በማን ቀብር ማን እንደቀረ፣
ቅጣቱን ማን በሦስት ጊዜ እንደከፈለ፣
ማንስ «አሞኝ ነው» እንዳለ።
ሁሉም ላይ አንዲት ራይት፦ ሪድ ኦንሊ።
ሰውየው ቆልፈው ነው የሄዱት።

አውቃቸዋለሁ፤ በሱቄ ፊት ያልፉ ነበር
ዣንጥላ በብብታቸው ሸጉጠው፣ ዝናቡ እላያቸው ሲወርድ።
አንድ ቀን ጠየቅኳቸው፤
«ይረጥባላ!» ነበር መልሳቸው።

ቁልፉ ቀላል ነው፤ ቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ራይቷን ማንሣት፤
ግን ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ? ይመሻል፤ ይሄዳል መብራት።
አንዲት ፕሮግራም አለችኝ፣ በነጻ ያወረድኳት፤
ሠሪዋ ማን እንደሆነ፣ አገሩን አላውቅላት፤
ከአንድ ፎቶ ታንሳለች፣ መልኳም ግራጫ፤
አንድ ሥራ ነው የምታውቅ፤ የላትም ማማረጫ።
ፎልደሩን ጎትቼ ጣልኩባት።
የሃያ ዓመት ጥርቅም፣ ሲጢጥ እንኳ ሳይልበት፣
ስሎ እንደመጨረስ ባለች ቅጽበት
ተፈታ።

«ጻፍልኝ» አሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፦
«ቤት ቁጥር ሠላሳ ስድስት፣ ገላን ነው።
አርባ አንድ አራብሳ፣ አራተኛ ፎቅ፤
ጉልበቷን እያወቁ! ምነው፣ ሰው አይጠይቅ?
ሃምሳ ሁለት… ስልኩ አይነሣም፤ ባዶውን ተወው።
ጠጅ ቤቱ ፈረሰ፤ ሰውየውን ልጁ ወሰደው።
ሰባ ቁጥር አለች፤ አልሄደችም፤ ገና
ዕቃዋን ትጠቀልላለች፣ መልሳ ትፈታና።»

ጣቴ ደከመ።
ከላይ፣ ከሁሉም አናት፣ በጉልሁ የታተመ፦
«የእሪ በከንቱ እድር»።
«ይኼንንስ ልቀይር?»
በበሩ በኩል አዩ፤
አጥር አለ፤ ከአጥሩ ወዲያ፣ ያ ሁሉ ጣሪያ በነበረበት፣
ሰማይ ብቻ ተዘርግቶበት።
«ተወው። ስሙን ያፈረሰ የለም።»

«አሁን የመጀመሪያውን ክፈት።»
ልሳነወርቅ ድልነሳው። ጸሐፊ። የቤተሰብ ብዛት፦ አንድ።
ሁኔታ፦ በሕይወት ያለ።
ጠቋሚዋ ሰረዝ ከ«ያለ» ኋላ ቆማ
ትጠፋለች፣ ትመጣለች፣
እንደ ታማሚ ትተነፍሳለች።
ያን ሁሉ ቁልፍ የፈታሁ ሰው
ለአንዲት ቃል እጄን አሳሰረው።

«ልሰርዘው?»
«እረ በስማም! ያለን ሰው ማን ይሰርዛል?
ከሥሩ ጨምር።»
ጨመርኩ፦ ግንቦት ሃያ አራት ዐረፉ።
«ሌላም ጨምር፦ ያልከፈሉት የለባቸውም።
በል አሁን መልሰህ ቆልፋት። ይችን ብቻ።»

ፕሮግራሟ መቆለፍ አታውቅም።
ያንን በእጄ አደረግሁት፤ አንድ በአንድ፣ ቀስ ብዬ።

ፍላሹን ቋጠሩት፤ ከዚያው ቋጠሮ መቶ ብር ፈቱ።
«እትዬ፣ ፕሮግራሟ እኮ ነጻ ናት» አልኩ።
ብሩን ኪቦርዱ ላይ አኖሩት፣ የተጣጠፈውን እያቀኑ፤
«ልጄ» አሉኝ፣
«ነጻ ነገር ለቅሶ አይደርስም።»