ቸርኬው ሰም አይወድም

ሻርጃ፣ ሰናኢያ፣ ከጎሚስታው ኋላ፣
ፀሐይዋ ሳትከር፣ አስፋልቱ ሳይፈላ፣
ነጭ መኪና መጣ ጥቁር ጫማ አድርጎ፣
አራት እግሩን ይዞ፣ አጣቢ ፈልጎ።

እኔ ኸይረዲን ነኝ፣ የመርካቶ ሊስትሮ፣
ጣቱ በጫማ ቀለም የቀረ ጠቁሮ።
በብሩሼ ጀርባ «ቋ!» ሳደርግ ሳጥኔ ላይ፣
ሹሙም ነጋዴውም እግሩን ይቀይር ነበር፣ ሳይጠይቅ፣ ሳያይ።
የሰዎችን ጫማ አብርቼ አብርቼ፣
ፊቴን በሱ ላይ ነው ያደግሁት አይቼ።
ቤታችን መስታወት አልነበረም።

ታዲያ ያን ቀን ባየው ቸርኬው ደብዝዟል፤
አመድ የተነፋበት ይመስላል፣ ፈዟል።
«አይዞህ» አልኩት ቁጭ ብዬ፣ «ሰው አጥተህ ነውና፤
እጄን አላየህም፣ ቆይ ትስቃለህ ገና።»
ከመደርደሪያው ላይ ሰሙን አወረድኩት፣
በአሮጌ ካኔቴራ አሸሁት፣ ወለወልኩት፣
ትከሻዬ እስኪዝል፣ ላቤ እስኪያሳውረኝ፣
ሳንቲም የምታህል ቦታ እስክታናግረኝ።

ሻጂ መጣ ሮጦ፣ የኬረላው ሹም፤
ጮሆ አያውቅም ሻጂ፤ ያን ቀንም አልጮኸም።
ግንባሩን ብቻ ይዞ፣ በዓረብኛ ስብርባሪ፣
«ይኼ ማት ነው» አለኝ፣ «ማት ነው፣ አንተ አብሪ።
የፈዘዘው ታሞ አይደለም፣ ተከፍሎበት ነው፤
ላብራህ የሚል እጅ ነው የሚያበላሸው።
አንዴ ከተወለወለ አይመለስም ቆዳው።»

ባለመኪናው ሐምዳን፣ ጢሙ ገና ያልጠና፣
መነጽሩን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ አየና፣
ምንም አላለኝም።
በወሩ መጨረሻ ሁለት መቶ ድርሃም ጎደለ።
ሌላ ሁለት መቶ ሻጂ ከኪሱ ከፍሎ ኖሯል፤ ኋላ ነው የሰማሁ።

እንግዲህ ተማርኩ።
ከመንገድ የገባ ቸርኬ ትኩስ ነው፤
መዳፍህን አስጠጋ፤ ካልበረደ ውኃ አታሳየው።
ቢጫው ጠርሙስ አሲድ ነው፣ ክዳኑም አይነካ፤
ለሱ የሚስማማው ለስላሳ ሻምፖ ነው ለካ።
የፍሬን ሸራ ብናኝ ጥቁር ነው፣ ግትር ነው፤
ታግለህ አትረታውም፤ አርጥበህ ተወው፤
ትንሽ ሲቆይ ራሱ ይለቃል፣ እንደ ኩርፊያ።
በጥላ ሥራ ብቻ፤ ፀሐይ ላይ ከደረቀ፣
የውኃው ነጭ ነጠብጣብ እዚያው ተጣበቀ።
በጨርቅ ስታደርቀው አትሸው፤ ንካ፣ አንሳ፤
የተኛ ሕፃን ላብ እንደሚታበስ፣ ሳይነሳ።

የስድስተኛ ክፍል አማርኛ አስተማሪ፣
«ሰም ባለበት ወርቅ አለ» ይለን ነበር፣ «ብቻ አይጥፋ ቆፋሪ።»
ይኼ ቸርኬ ግን ሰሙን እንቢ አለ፤
ከላይ የምታየው ነው ከሥሩም ያለ።
ቅኔ አይዘረፍበት፣ ምስጢር አይፈታበት፤
ሆን ተብሎ የተሠራ፣ ሰው ፊቱን እንዳያይበት።
ለኔ፣ በሰው ጫማ ፊቱን ለተማረ፣
ይኼን መልመድ ከሙቀቱ ይልቅ ከበደኝ።

ዓመት ሆነው ዛሬ። ሐምዳን ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል፤
«ያ ልጅ ይጠበው» ይላል፤ ሌላ ሰው ሲነካው ይቆጣል።
የፊት የግራው ቸርኬ፣ ከብሎኑ አጠገብ፣
ያቺ ሳንቲም አለች።
አላስቀባትም። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

የምጀምረው ከሷ ነው።
አረፋው ተንሸራቶ ቀስ እያለ ሲፈስ፣
እጄም ሳላዘው ቀስ ይላል እሷ ጋ ሲደርስ።
ከመሐሏ አንድ ዓይን ብቅ ይላል፤ ቀይ ነው፣ እንቅልፍ ያጣ፤
ዓይኑ ይበቃኛል፣ ሌላው ፊቴ ባይመጣ።
አጥባታለሁ እንደሌላው፤ አላሻትም፣ አልጨምርባትም።

ከዚያ፣ ልማድ ነውና፣
ብሩሼን በባልዲው ጠርዝ «ቋ!» አደርጋለሁ።
መኪና እግር አይቀይርም፤
ተነስቼ እኔው እዞራለሁ።