አንድ ካትል

አዘዞ ከብት ተራ፣ ከመግቢያው አጠገብ
ቆርቆሮ ዳስ አለች፣ ለእኔና ለመዝገብ።
ቅዳሜ ቅዳሜ ደረሰኝ እጽፋለሁ፤
ሻጭና ገዢውን በስም አውቃቸዋለሁ፣
ከብቱን ግን በመልኩ፦
ቡሬ፣ ዳልቻ፣ ቦቃ፣ ዛጎልማ፣
የደንቢያ ወይፈን፣ የፎገራ ጊደር።
ለእያንዳንዱ ቃል አለኝ። ቃል ቸግሮኝ አያውቅም ነበር።

ዘንድሮ ከበላይ አዲስ ቅጽ መጣልን፣
በእንግሊዝኛ የተሰመረ፣ ሙሉት ተባልን።
ላም የለ፣ በሬ የለ፣ ጥጃ የለ፤ ሁሉን አንድ ዓምድ ዋጠው፤
«ካትል» ይላል ከላይ፣ ከሥሩ ቁጥር ነው።

ልጄ ሙሉዓለም ዘጠነኛ ክፍል ናት፤
መዝገበ ቃላቷን ማታ ተበደርኳት።
ጣቴን እየላስኩ፣ ገጽ እየገለጥኩ፣
የቃሉን ዘር ማንዘር እስከ ሮም ተከተልኩ።

ካትል ለካ ጥንት ላም ማለት አልነበረም፤
ጥሪት ነው፣ እግር ቢኖረው ባይኖረው ግድ የለም።
አያቱ ላቲን ናት፣ የስሟ ፍቺ ራስ፤
ፈረንሳይ አሳደገችው፣ ባሕር ተሻግሮ ከእንግሊዝ እስኪደርስ።
እህት አለችው፣ ካፒታል የምትባል፤
እሷ ባንክ ገባች፣ እሱ በረት ያድራል።
የርእሰ ከተማም ስም ከዚያው ቤት ነው አሉ።

መጽሐፉን አጥፌ ደጅ ወጣሁ።
ጎንደር፣ አንቺም እኮ ራስ ነበርሽ አንድ ሰሞን፤
ንጉሡ አለፈ፤ ከብቱ ግን ዛሬም ያልፋል በግንብሽ ጎን።

አባቴ ትዝ አለኝ። ሲናዘዝ «ከብቴን ለልጆቼ» ብሎ ነበር።
በረቱ ባዶ ነው።
የተረፈው አንድ ጋቢ፣ አንድ ማረሻ፣ የንብ ቀፎ።
ቄሱ ሳል መስሏቸው ዝም አሉ፣ እኛም ቃዠ አልን።
ላቲን ሳያውቅ ልክ ነበር።

በማግስቱ ቅዳሜ
እንጉዳይ ከጠዳ መጣች፣ ላሟን እየሳበች።
«ስሟ አለኝታ ነው» አለችኝ፣ ሳልጠይቃት ቀድማ።
ዋጋው ተቆረጠ። እኔም በቅጹ ላይ
«አንድ ካትል» ብዬ ጻፍኩ፣ በጥሩ እጅ ጽሕፈት።
ከወረዳ የመጣው ልጅ በቀይ ሰረዘው፦
«አንድ ካትል አይባልም፣ ጋሼ። ቃሉ ነጠላ የለውም።»
«ታዲያ ለአንዲቷ ምን ይባላል?»
እስክሪብቶውን ነከሰ።
«ላም ነዋ... ግን ላም ዓምድ የላትም።»

እንጉዳይ ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጠረች፤
ገመዱን ከአንገቷ ፈትታ
በክንዷ ላይ ጠቀለለች።
«ገመዱስ?» አላት ሲራጅ፣ ገዢው።
«የሸጥኩልህ ላሚቱን ነው።»
እሱም መቀነቱን ፈታና ላሚቱን በዚያ ሳበ።

እኔ ከዓምዱ ውጪ፣ ከጠርዙ ባዶ ላይ፣
በሚታይ አማርኛ እንዲህ ስል አከልኩ፦
አለኝታ። ቦቃ ላም። ሦስት የወለደች።
የግራ ቀንዷ ሰባራ።
ስትሄድ ዞራ ያየች።