የስኳር አሰላለፍ

ቅዳሜ ምሽት ነው። ሊቮርኖ ረጥባለች፣
ከባሕሩ ነፋስ ጨው ተቀብላለች።
በአርጂያ መጠጥ ቤት፣ ከክሬኖቹ ግርጌ፣
ጥግ ይዣለሁ እኔ፣ ጃኬቴን አድርጌ፤
እጄ እስካሁን ድረስ በረኪና ይሸታል።
ነገ ጨዋታ አለ፣ ሰፈሩ ይሟገታል።
የጫኝ አውራጁ ቡድን፣ ኩራቱ የወደቡ፣
ነገ ከተረታ ይወርዳል ከምድቡ።

ኔዶ ጠረጴዛው ላይ ሜዳ አበጅቷል፣
የስኳር ከረጢት አሥሩን ደርድሯል።
ግብ ጠባቂው ጨው ነው፣ ከነብልቃጡ፤
አራት ተከላካይ እርጥብ ላይ ተቀመጡ፤
አማካይ ተብሎ የመጣው አንዱ ፓኬት
ጫፉ ተቀዶበት ይደማል ዱቄት።
ከፊት ለብቻው ዘጠኝ ቁጥር አለ፣
ታዴኦ ነው እሱ። ነገር ተቀጣጠለ።

«ይግባ!» ይላል ኔዶ ጠረጴዛ እየመታ፣
«አንካሳም ቢሆን እሱ ነው የሚረታ!
ተቀያሪውን ልጅ ልታሰልፉ? ያንን ፈሪ?
ግብ ሲያይ የሚደነግጥ፣ ኳስ ሲያይ ተሸባሪ!»

ዱሊዮ ፋርማሲ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ ያውቃል፣
የጅማቱን ስም ሁሉ እንደ ዳዊት ይደግማል፦
«ቋንጃው ከሆነ ሦስት ሳምንት። ብሽሽት ከሆነ አራት።
ጉልበት ከሆነ ግን... አትጥሩት። እርሱት።»

«ማነው ጉልበት ያለው?» ኦሬስቴ ተቆጣ፤
ከዚያ ሁሉ አፍ መሐል አንድ መልስ ታጣ።
እውነትም ማን አለው? የኔዶ ዳሌ ብረት፣
የዱሊዮ ወገብ የቆመ በቀበቶ ብርታት፣
ኦሬስቴ ሁለት ጣቱን ክሬን የበላበት።
ይኸው ነው እንግዲህ የሐኪሞች ቦርድ፣
የሰው ቁርጭምጭሚት ላይ ተቀምጦ የሚፈርድ።

አርጂያ ከባንኮኒው ብርጭቆ እየወለወለች፣
«እናንተን ለወዳጅነት ጨዋታም አላሰልፍ» አለች።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ የምታጥቢው፣
ማሊያውን፣ ካልሲውን፣ ፎጣውን የምትሰበስቢው፣
እስቲ ንገሪን፣ ይሮጣል? ያነክሳል?
ልብስ የሚያይ ዓይን ከሐኪም ይልቃል።»

ምን ልበል? ሐሙስ ዕለት፣ ከማጠቢያው ክፍል፣
ማሽኑ እየጮኸ ጨርቁን ሲያንከባልል፣
አገኘሁት ታዴኦን፣ ቅርጫት ላይ ቁጭ ብሎ፣
ጉልበቱን እንደ ሕፃን በእጁ አባብሎ።
አብጧል። ሊጥ ይመስላል።
ባልታጠበ ካልሲ እንባውን ይጠርጋል።
«እናቴ» አለኝ «ቲኬት ገዝታለች፣
ከኦልቢያ በመርከብ እሑድ ጠዋት ትደርሳለች።
ስጫወት አይታኝ አታውቅም። አትንገሪ።»
እሺ አልኩት። ካልሲውን ተቀበልኩት፤
ይኼ ጭቃ፣ ይኼ እንባ ሳልል ከነጩ ጋር አጠብኩት።

«እኔ የማውቀው» አልኳቸው «ጭቃውን ብቻ ነው፤
ጭቃ ደግሞ በዘጠኝም በሁለትም ላይ ያው ነው።»
ሳቁ። ክርክሩም እንደገና ተጀመረ፤
አራት ሦስት ሦስት ፈረሰ፣ ሦስት አምስት ሁለት ተደረደረ።

ኢቮ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብዙም አይናገርም፤
ሁሌ ይመጣል፣ ይሰማል፣ እሱ ግን አያሰልፍም።
ቡናው ቀረበለት። እጁን ሰደደና
ዘጠኝ ቁጥርን አነሣው፣ ጫፉን ቀደደና
ጨመረው ከሲኒው። አማሰለው በእርጋታ።
ያ ሁሉ አሰልጣኝ፣ ቤቱ፣ ጭጭ አለ ለአፍታ።
«ምን ሆናችሁ?» አለ ኢቮ፣ ቀና ብሎ፣
«መሮኝ እኮ ነው።»

ተነሥቼ ወጣሁ። ዝናቡ አባርቷል።
ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ዘጠኝ ቁጥር ተሰቅሏል፣
ብብቱ አልደረቀም። ካውያ አሞቅኩና
ሌሊቱን ተኮስኩት፣ አንዴ፣ እንደገና፣
ቁጥሩ ቀጥ እስኪል ድረስ፣ እጥፋት እስኪጠፋ።
ማሊያ እስከ ወገብ ነው፤
ከዚያ በታች ያለውን እኔም አልተኮስኩትም።
ሊነጋጋ ሲል፣ ከባሕሩ በኩል፣
የመርከብ ጡሩንባ ሁለት ጊዜ ጮኸ።